እጅ መፍቻ ቋንቋ፦ የማናጓ መስማት የተሳናቸው ልጆች ጉዳይ

በአማርኛ «ደንቆሮ» የሚለው ቃል ሁለት ሰዎችን በአንድ ገመድ ያስራል፤ ጆሮው የማይሰማውንና ዕውቀት የሌለውን። «ድንቁርና» ሲባል ስለ ጆሮ የሚያስብ ሰው የለም። በመካከለኛው አሜሪካ የምትገኘው የኒካራጓ ሕዝብም መስማት የተሳነውን ሰው «ሙዶ» ሲል ኖሯል። ዲዳ እንደ ማለት ነው፤ ከዲዳም ብዙ ነገር አይጠበቅም። ከዚህ በታች የማቀርበው ጉዳይ የተፈጸመው በዚያች አገር ዋና ከተማ በማናጓ፣ ከ1977 ጀምሮ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መስማት የተሳናቸው ልጆች አዲስ የምልክት ቋንቋ የፈጠሩበት ይህ ታሪክ በቋንቋ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው ግን ስለ ሰው አእምሮ ተፈጥሮ በሚደረግ ክርክር ውስጥ እንደ ማስረጃ ሆኖ ነው። እኔን የሚስበኝ ሌላው ጎኑ ነው። ልጆችን ለመርዳት የተቋቋመ ትምህርት ቤት ሊያስተምር ያሰበውን ሳያስተምር ቀረ፤ ያላሰበውን ግን ሰጠ፤ የሰጠው ምን እንደሆነ ለማየት ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ያህል ፈጀበት።

ከ1977 በፊት በኒካራጓ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ነበሩ፤ እርስ በርሳቸው የሚገናኙበት ማኅበረሰብ ግን አልነበራቸውም። የትም አገር ቢሆን አብዛኞቹ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነውና፣ እያንዳንዱ ልጅ በሚሰሙ ሰዎች መካከል ብቻውን ያድግ ነበር። ከእናቱ ጋር የሚግባባባቸው ምልክቶች አሉት፦ መብላት፣ መተኛት፣ «ና»፣ «ያ ሰውዬ»። የአገሬው ሰው ይህን «ሚሚካ» ይለዋል። ለዕለት ጉዳይ ይበቃል። ትናንት ስለሆነው፣ ነገ ሊመጣ ስለሚችለው፣ ሌላው ሰው በልቡ ስለሚያስበው ለመጨዋወት ግን አይበቃም። የአንዱ ቤት ምልክት ለሌላው ቤት ባዕድ ስለሆነ ልጁ ከደጅ ሲወጣ ያችኑ ጥቂት መግባቢያውን እንኳ ጥሎ ይወጣል።

በ1977፣ የአናስታሲዮ ሶሞሳ አገዛዝ ሊያከትም ሲቃረብ፣ ሳን ሁዳስ በተባለው የማናጓ ሰፈር በአንድ የልዩ ትምህርት ማዕከል 50 ያህል መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ጀመሩ። በ1979 ሳንዲኒስታ የተባሉት አብዮተኞች ሶሞሳን ጥለው ሥልጣን ሲይዙ የልጆቹ ቁጥር 100 ደርሶ ነበር። አዲሱ መንግሥት በ1980 አገር አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አወጀ። የእኛም አገር ዘመቻ የተጀመረው ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በ1979 ስለሆነ፣ በዕድሜ ጠና ያለ አንባቢ የዘመኑን መንፈስ አያጣውም፤ ማንም ከፊደል እንዳይቀር የተባለበት ጊዜ ነው። በዚያው በ1980 ቪያ ሊበርታድ በተባለ ሌላ የማናጓ ሰፈር ለጎረምሶችና ለኮረዳዎች የሙያ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1983 በሁለቱ ትምህርት ቤቶች የተመዘገቡት መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ከ400 በላይ ነበሩ።

ትምህርቱ የሚሰጠው በስፓኒሽ፣ ያውም በንግግር ነበር። ልጁ የመምህሩን ከንፈር እያየ ቃሉን እንዲለይ፣ ከዚያም በድምፁ እንዲያወጣው ብዙ ይለፋል። ይህ በዚያ ዘመን በብዙ አገር የተለመደ አሠራር ስለነበረ የማናጓን መምህራን ለይቶ መውቀስ ተገቢ አይሆንም። በእጅ የሚያስተምሩት ነገር ቢኖር የስፓኒሽ ፊደላትን በጣት መጻፍ ብቻ ነበር።

ችግሩ የት ላይ እንደነበረ በራሳችን ፊደል እንየው። በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ፊደላችን በጣት ይጻፋል፤ የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ያመለክታል፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባቱን ደግሞ የእጁ እንቅስቃሴ ይለያቸዋል። ያማረ ብልሃት ነው። ሆኖም «ላም» ብለን በጣት የጻፍንለት ልጅ፣ በረት ውስጥ የምትታለበው እንስሳ ስም እንዳላት አስቀድሞ ካላወቀ፣ የሚያየው ሁለት የእጅ ቅርጾችን ብቻ ነው። ፊደል የሚጠቅመው ቋንቋ ላለው ሰው ነው። ከንፈር ማንበብም ከዚህ አይሻልም። በመስታወት ፊት ቆመው ድምፅ ሳያወጡ «በላ» እና «መላ» ቢሉ ልዩነቱ አይታይዎትም፤ አማርኛ ስለሚያውቁ ከሐሳቡ አያይዘው ይገምቱታል እንጂ። ቋንቋውን የማያውቅ ልጅ ከምን አያይዞ ይገምት? ዓመታት አለፉ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች የስፓኒሽ ቃል ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንኳ ሳይገባቸው ቀረ።

ከክፍል ውጪ ግን ሌላ ነገር እየተካሄደ ነበር። በአውቶቡስ ውስጥ፣ በዕረፍት ሰዓት በግቢው፣ ወደ ቤት ሲመለሱ በመንገድ ላይ ልጆቹ ያወሩ ነበር። ከየቤታቸው ያመጧቸውን ምልክቶች ተለዋወጡ፤ አንዳንዶቹ በብዙ ልጆች እጅ ገብተው ጸኑ፣ ሌሎቹ ተረሱ። ማንም አልመራውም፣ ማንም አላቀደውም። መምህራኑ የእጆቹን ውዝዋዜ ያዩት ነበር፤ ሆኖም ሚሚካ ነው፣ ስፓኒሽ ላልገባው ልጅ የተረፈ የእጅ ጨዋታ ነው ብለው ተረጎሙት። በእነርሱ ዓይን የትምህርቱ መክሸፍ ምልክት ነበር። በክፋት ያደረጉት አይመስለኝም። ሰው ስኬትን በአንድ መስኮት በኩል ሲጠብቅ በሌላው የገባውን እንግዳ ሌባ ብሎ ሊጠራው ይችላል።

ልጆቹ እርስ በርሳቸው የሚባባሉት ለመምህራኑ ጭራሽ የማይጨበጥ እየሆነ ሲሄድ፣ የትምህርት ሚኒስቴሩ በ1986 አጋማሽ ከውጭ ባለሙያ ጠራ። ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። «የተማሪዎቻችን ንግግር አልገባንም» ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት ብዙ አይገኝም። የተጠሩት ጁዲ ኬግል የተባሉ፣ የአሜሪካን ምልክት ቋንቋ ያጠኑ የሥነ ልሳን ምሁር ነበሩ።

ኬግል መጀመሪያ የሄዱት ወደ ሙያ ትምህርት ቤቱ ነው። ጎረምሶቹ የጋራ ምልክቶች እንዳሏቸው አዩ፤ ይግባባሉ፣ ነገር ግን አነጋገራቸው ልል ነው፣ ከሰው ሰውም ይለያያል። ከዚያ ወደ ሳን ሁዳስ ትንንሽ ልጆች ሲሄዱ የጠበቁት ከዚያ ያነሰ ነገር ሳይሆን አይቀርም። ያገኙት ተቃራኒውን ነው። ትንንሾቹ ፈጣኖች ናቸው፤ ምልክቶቻቸው ተሳስረው ይሄዳሉ፣ ሕግም ይዘዋል። ታናናሾቹ ከታላላቆቻቸው የተሻለ ቋንቋ ይናገሩ ነበር።

ልዩነቱ በምን ላይ ነበር? ከብዙው ሁለቱን ላንሳ፤ አማርኛ ተናጋሪ ሁለቱንም በቀላሉ ይረዳቸዋል።

እኛ «ሰጠችው» ስንል ሰጪዋ ሴት፣ ተቀባዩ ወንድ መሆኑን በአንዲት ቃል ጨርሰናል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የገቡት ተማሪዎች እንዲህ ያለ ማሰሪያ አልነበራቸውም። አንድ ወንድ አንዲት ሴት ሲገፋ ቢያዩ «ወንድ መግፋት፣ ሴት መውደቅ» እንደማለት፣ ለእያንዳንዱ ግስ አንድ አንድ ሰው እየሰጡ ይቆራርጡታል። ከእነርሱ በኋላ የመጡት ትንንሾች ግን በፊታቸው ያለውን ባዶ ቦታ ሥራ ሰጡት። ስለ አንድ ሰው ሲያወሩ በግራ በኩል ያስቀምጡታል፤ ከዚያ «ማየት» የሚለውንም፣ «መክፈል» የሚለውንም ምልክት ወደ ግራ ያዞሩታል። ተመልካቹ የታየውና የተከፈለው ሰው አንድ መሆኑን ሳይጠይቅ ያውቃል። ቋንቋውን ያጠኑት ተመራማሪዎች አን ሴንጋስና ማሪ ኮፖላ በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ ይህን አሠራር ወጥ በሆነ ትርጉም የሚጠቀሙት ከ1983 ወዲህ፣ ያውም በለጋ ዕድሜያቸው ወደ ትምህርት ቤቱ የገቡት መሆናቸውን አሳይተዋል።

ሁለተኛው ይበልጥ ይገርመኛል። ሴንጋስና ባልደረቦቻቸው በ2004 ያሳተሙት ጥናት ላይ ተሳታፊዎቹ አንድ የካርቱን ፊልም አይተው እንዲተርኩ ተደረገ። ፊልሙ ውስጥ አንድ ድመት የቦውሊንግ ኳስ ይውጥና ቁልቁለት መንገድ ይዞት ይወርዳል። እኛ ይህን «እየተንከባለለ ወረደ» እንለዋለን። አንዱ ቃል አኳኋኑን፣ ሌላው አቅጣጫውን ይናገራል፤ ዓይን የሚያየው ግን አንድ የማይነጠል ነገር ነው። የሚሰሙ የማናጓ ሰዎች ስፓኒሽ እየተናገሩ በእጃቸው ሲያሳዩት እጃቸው እየተሽከረከረ ይወርዳል፤ ሁለቱ ነገሮች በአንድ እንቅስቃሴ ይጠቃለላሉ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎችም በአብዛኛው እንዲያው አደረጉ። የኋለኞቹ ግን ነጠሉት፤ መጀመሪያ «መንከባለል»፣ ቀጥሎ «መውረድ»። ማስመሰል ብቻ ቢሆን የኋለኞቹ ተበላሽተዋል ያሰኛል፤ ድመቱ መጀመሪያ በቦታው ተንከባሎ በኋላ አልወረደምና። ግን እየዘለለ የሚወጣውን፣ እየተንከባለለ የሚያልፈውን፣ ገና ያልታየውንም ሁሉ ለመናገር የሚያስችለው ይህ መነጠል ነው።

«አፉን ፈታ» እንላለን ልጅ መናገር ሲጀምር፤ ቋንቋውንም «አፍ መፍቻ» ብለነዋል። ለእነዚህ ልጆች እጅ መፍቻ ቢባል ያምርበታል።

ለልጆች እርዳታ ከሚሠራ ሰው አንጻር የጉዳዩ እምብርት ዕድሜ ይመስለኛል። ትንንሾቹ ቋንቋውን ያገኙት ከትልልቆቹ ነው፤ ጎዶሎውን ተቀብለው ሞሉት። ትልልቆቹ ግን በየቀኑ እያዩት እንኳ የታናናሾቻቸውን ሰዋስው መልሰው በሙሉ ሊወስዱት አልቻሉም። ለሌላው ሁሉ ቃል ያዋጡት እነርሱ ሆነው ሳለ ሙሉውን ቋንቋ ሳይዙ ቀሩ። ይህን ባነበብሁ ቁጥር፣ በእኛ ሰፈር አንድ ልጅ ሦስት ዓመት ሞልቶት ሳይናገር ሲቀር «አባቱም እንዲሁ ነበር፣ አፉን ይፈታል» ተብሎ የሚባለው ማጽናኛ ይታወሰኛል። አንዳንዴ እውነት ይሆናል፤ ልጁ ይናገራል። የማይሰማ ልጅ ከሆነ ግን መጠበቁ ገለልተኛ ነገር አይደለም። በጠበቅንበት ዓመት ሌላው ልጅ ቋንቋ ይሠራል። የመስማት ምርመራ አንድ ቀን ይፈጃል።

ቋንቋ ሲዘገይ የሚቀረው ንግግር ብቻ እንዳልሆነም ማናጓ ላይ ታይቷል። ጄኒ ፓየርስና ሴንጋስ በ2009 ባሳተሙት ጥናት አንድ የታወቀ ዓይነት ጥያቄ በሥዕል አቀረቡ። አንድ ልጅ መጫወቻውን አንድ ቦታ ያስቀምጣል፤ እርሱ ሳያይ ሌላ ሰው ያዛውርበታል፤ ልጁ ሲመለስ የት ይፈልጋል? ትክክለኛው መልስ መጀመሪያ ያስቀመጠበት ቦታ ነው። ይህን ለመመለስ ልጁ የሚያውቀውን እኛ ከምናውቀው ለይተን መያዝ አለብን። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የገቡት ተማሪዎች በዚያን ጊዜ የጎለመሱ፣ ብዙዎቹም ሥራ ያላቸው ሰዎች ነበሩ፤ ሆኖም በዚህ ፈተና ከታናናሾቻቸው አነሱ። እንደ «ማሰብ» እና «ማወቅ» ያሉ የአእምሮን ሥራ የሚናገሩ ምልክቶችንም እምብዛም አይጠቀሙም ነበር። በ2010 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በክፍል ውስጥ የተደበቀን ዕቃ ቦታ ካዞሯቸው በኋላ መልሶ በማግኘት ረገድም ታናናሾቹ ተሽለው ተገኙ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ ተስፋ የሚሰጠውም ክፍል ይህ ነው። ፓየርስና ሴንጋስ የመጫወቻውን ጥያቄ መጀመሪያ ካቀረቡ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ተመልሰው ያንኑ ሲጠይቁ ትልልቆቹ ተሻሽለው ነበር። በመሐሉ በማኅበራቸው ቤት ከታናናሾቹ ጋር ሲውሉ ስለ ማሰብና ስለ ማወቅ የሚናገሩ ምልክቶችን ለምደዋል፤ የሌላውን ሰው ሐሳብ የመለየት ችሎታቸውም ከዚያ ጋር አድጓል። ስለዚህ «ጊዜው አልፏል» የሚለው ፍርድ ለሰዋስው በከፊል ይሠራ ይሆናል፤ ለሰውየው በሙሉ አይሠራም። ሠላሳ ዓመት የሚጠጋ ጎልማሳ አዲስ ቃል ይዞ አዲስ ነገር ማስተዋል ጀምሯል።

በጉዳዩ ዙሪያ የተነሳ አንድ ወቀሳ አለ፤ ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። ኬግልና ሌሎቹ ተመራማሪዎች የአሜሪካን ምልክት ቋንቋ ወደ ትምህርት ቤቱ አላስገቡም። ያለቀለት ቋንቋ እያለ፣ መጻሕፍትና የሠለጠኑ መምህራን ያሉት ቋንቋ እያለ፣ ልጆቹን ለጥናት ሲሉ ተዉአቸው የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ወቀሳው ክብደት የለውም አልልም። ልጅ የተመራማሪ መስክ አይደለም። ይሁን እንጂ በ1986 ማናጓ ውስጥ ባዶ ቦታ አልነበረም፤ የሚነገር ቋንቋ ነበር፣ ተናጋሪዎቹም በመቶዎች ይቆጠሩ ነበር። ያንን ገፍቶ ከሰሜን የመጣ ቋንቋ መጫን፣ መምህራኑ በስፓኒሽ ያደረጉትን በሌላ ስም መድገም ይሆን ነበር። እኔ በዚህ ረገድ ተመራማሪዎቹ ልክ ነበሩ ከሚሉት ወገን ነኝ። ማንም ልጅ ገና ምንም በሌለበት መንደር ግን ክርክሩ ይለወጣል፤ እዚያ በቅርብ የተገኘው የምልክት ቋንቋ ቶሎ ይግባ ነው የምለው።

ቀሪውን በአጭሩ። መስማት የተሳናቸው ጎልማሶች በ1986 የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። በ1990ዎቹ ምልክት ቋንቋው ቀስ በቀስ ወደ መማሪያ ክፍሎች ገባ። በ1995 በአትላንቲክ ዳርቻ በምትገኘው በብሉፊልድስ ከተማ ኬግል የረዱት፣ በኒካራጓ ምልክት ቋንቋ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1997 መዝገበ ቃላት ታተመ። በ2009 የአገሪቱ ምክር ቤት በሕግ ቁጥር 675 ለቋንቋው ዕውቅና ሰጠ።

ይህን ጉዳይ ለሌላ ዓይነት ድጋፍ የሚሹ ልጆች እንዳለ መገልበጥ ስሕተት ነው። ኦቲዝም ያለበት ወይም አእምሮው ዘገምተኛ የሆነ ልጅ መሰሎቹ ስለተሰበሰቡ ብቻ ቋንቋ አይሠራም፤ ሌላ ዓይነት፣ በአንድ ለአንድ የሚሰጥ እገዛ ይሻል። ነገር ግን የማናጓ መምህራን የሳቱት ነገር በማንኛውም ክፍል ሊደገም ይችላል። የምንመዝነውን ብቻ እናያለን። ልጁ በእኛ መንገድ ስንት ቃል አወጣ ብለን እንቆጥራለን፤ ከእህቱ ጋር በዓይኑ፣ በጣቱ፣ በእጇ ስቦ ወደ ምድጃው በመውሰድ የሚለዋወጠውን አንመዘግብም። አንድ መምህር ከክፍል ይልቅ የዕረፍት ሰዓቱን ለሁለት ሳምንት ቁጭ ብሎ ቢያይ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚግባባ ማስታወሻ ቢይዝ፣ ወጪው አንድ ደብተር ነው። መስማት የተሳነው ልጅ ያላቸው ወላጆች ደግሞ ልጃቸውን ከሌላ መሰሉ ጋር የሚያገናኝ ቦታ ከመፈለጋቸው ጎን፣ ራሳቸው ምልክት ቋንቋ ለመማር ቢነሱ፣ ልጁ ቤት ሲገባ ቋንቋውን ከደጅ ጥሎ አይገባም። ወላጆቹ መጀመሪያ ላይ ይንተባተባሉ። ይንተባተቡ፤ የማናጓ ትንንሾች ያደጉት በተንተባታቢዎች መካከል ነው።

አውቶቡሱ ያልደረሰባቸው የኒካራጓ ሰዎችም አሉ። በ2011 በታተመ ጥናት ውስጥ መስማት የተሳናቸው፣ ትምህርት ቤት ያልገቡ፣ ምልክት ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አጠገባቸው ሳይኖር ያደጉ ጥቂት ጎልማሶች ተጠንተዋል። ሠርተው ያድራሉ፣ በገበያ በገንዘብ ይጠቀማሉ፣ የሚወዷቸው ዘመዶች አሏቸው፤ በየቤታቸው የሚግባቡበት ምልክትም አላቸው። ዕቃ ተደርድሮ ልኩን ያህል እንዲያስቀምጡ ሲጠየቁ እስከ ሦስት ድረስ አይሳሳቱም። ከዚያ በላይ ሲሆን ይቀራረባል እንጂ አይገጥምም። ቁጥር ሲናገሩ ጣቶቻቸውን ይዘረጋሉ፤ አምስት ለማለት አንዳንዴ አራት ጣት ይወጣል፣ አንዳንዴ ስድስት።